በሐጂ ግንብ ላይ የተሰቀለው መስታወት

ይድረስ ለጽጊዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔም እንደ ልማዱ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶውን አስቀምጬ አሰብኩ። አንቺ ካለሽበት ሕመም እንደሌለ ነው ያስተማሩን። እሱን ሰረዝኩትና የራሴን ጤና ልንገራት አልኩ። ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ያመኛል፣ ሌላው ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተለየሽኝ ዛሬ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ተዝካርሽን ከልጃችን ከምሕረትና ከእድሩ ሰዎች ጋር ሆነን በወጉ አውጥተናል። ፍትሐትሽ ላይ «ወለተ ማርያም» ተብሎ ስምሽ ሲጠራ፣ ለአፍታ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። እኔ የማውቀው ጽጌን ነው።

ይህን የምጽፍልሽ የምነግርሽ ነገር ስላለ ነው። ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ እጄን ይዘሽ ያስማልሽኝን አልረሳሁም። ቤቱን አላነሳሽም፣ ምሕረትንም አደራ አላልሽኝም። «ታዴ፣ ከሐጂ ጋር ሳትታረቅ እንዳትቀር» ነው ያልሽው። እሺ አልኩሽ። እሺ ያልኩሽ ግን ድካምሽን አይቼ ነው እንጂ ልቤ እሺ አላለም ነበር። ካንቺ ቀብር በኋላ ስንት ወር ከበራችን ወጥቼ፣ ማዶ በራፋቸው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ እንዳላየ ሰው አለፍኩ። ማታ አባታችን ሆይ ስደግም ስለ ይቅርታ የምትለዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ይቀንስ ነበር፤ እግዚአብሔር የማይሰማኝ ይመስል። ለሞተ ሰው የገቡት ቃል ጠያቂ የለውም ይባላል። ውሸት ነው፤ ሌላ ጠያቂ ሲጠፋ ሰው ራሱን ይጠይቃል።

እንግዲህ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ሌላ ሰው ቢያነበውም ቅር አይለኝም፤ በየመታጠፊያው ቤት ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ይጠቅመው ይሆናል።

ቤቱ ያው ነው። ጓሮ ያለው ፓፓያ ዘንድሮ አፈራ፣ አንቺ «ይሄ ወንዴ ነው፣ ይቆረጥ» ያልሽው። በሶብላሽን ግን አደረቅኳት፣ ይቅር በይኝ። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ይጓጉልብኝ ነበር፤ ምሕረት በስልክ «አባዬ፣ ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው» ብላ አስተማረችኝ። እሷ አራብሳ ኮንዶሚኒየሟ ገብታለች፣ አራተኛ ፎቅ። መንገዱ ሩቅ ቢሆንም እሁድ እሁድ ትመጣለች። ስልክሽን አሁንም ቻርጅ አደርገዋለሁ። የተማሪዎቹ እናቶች ግሩፕ ብቻ ነው ጠዋት ጠዋት የሚንጫጫበት፤ አንዷም እናት ስምሽን ለማውጣት እጇ አልሄደላትም መሰለኝ።

አዎ፣ የተማሪ ሰርቪሱን አላቆምኩም። ጡረታ ስወጣ «ሥራ የፈታ ሹፌር ሚስቱን ነው የሚነዳው» ብለሽ የቀለድሽብኝን አስታውሼ ነው። ሚኒባሷም አለች፣ ልጆቹም አሉ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት መንታዎቹ ሁለት ጥርስ አውልቀዋል።

ጽጊዬ፣ ያንን የበራችንን መውጫ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። በራችን በቀጥታ ኮብልስቶኑ ላይ ይከፈታል። መንገዱ ከአስፋልቱ ቁልቁል ይመጣና ልክ እኛ ጋ ሲደርስ ይጠመዘዛል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሚኒባሷ በኋላ ማርሽ ካልሆነ አትወጣም፤ ከላይ የሚመጣውን ደግሞ የአጥራችን ጥግ ይከልለዋል። ስለዚህ አንቺ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ነጠላሽን አጣፍተሽ እዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትቆሚ ነበር። ወደ ላይ ታያለሽ፣ ወደ ታች ታያለሽ፣ ከዚያ «ና፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ» ትይኛለሽ። ድምፅሽ በሞተሩ ጩኸት ስለሚዋጥ ምልክት አወጣሽ። የመኪናዋን ጎን አንድ ጊዜ ከመታሽ፣ ቁም። ሁለት ጊዜ ከመታሽ፣ ሂድ በሰላም። ክረምት ጃንጥላ ይዘሽ፣ ጾም ሆኖ ከኪዳን መልስ፣ ሁሌም አለሽ። እኔ በመስኮት እጄን አውጥቼ እሄዳለሁ። ዞሬ አመሰግንሽ እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አሁን ይህን ሳስብ ነው የሚቆጨኝ።

ከሐጂ ሙዘሚል ጋር የተጣላንበትንም ታውቂዋለሽ፤ ግን ያንን ቀን እንደገና ልጻፈው፣ ያኔ ስነግርሽ አሳጥሬብሻለሁና። ከሰባት ዓመት በፊት አሮጌውን አጥራቸውን አፍርሰው አዲስ ግንብ ሲያስገነቡ አንድ እርምጃ ያህል ወደ መንገዱ ወጡ። መሠረቱ ሲቆፈር አየሁ። ወጣሁና ሠራተኞቹ፣ ልጆቻቸውና መንገደኛው በቆመበት፣ እኝህን ባባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ» ብዬ ጀመርኩ። «ሐጂ ተብለህ መንገድ ትሰርቃለህ?» አልኳቸው። ለአንቺ የነገርኩሽ «መንገዱ ጠበበ አልኳቸው» ብዬ ነው። እሳቸው እጃቸው ላይ የነበረውን ሜትር ቀስ ብለው ጠቀለሉና ወደ ቤት ገቡ።

በዚያው ሰሞን እኔም የራሳችንን አጥር ከፍ አደረግኩት። ግንቡ ላይ ቆርቆሮ ቀጠልኩበት፣ በተለይ ጥጉ ላይ። አቧራ ነው፣ ሌባ ነው አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ የሐጂን በር ላለማየት ነበር።

ከዚያ በኋላ መውጣት ከበደን። ለሰው ሁሉ ምክንያቱን ስናገር የሐጂ ግንብ ነው እላለሁ። መንገዱን አጠበበው፣ መኪናው ወደኛ ተጠጋ፣ እላለሁ። አንቺ ነጠላሽን ታጣፊያለሽ።

ካንቺ በኋላ ያለውን ጠዋት እንዴት ልንገርሽ። ሞተር አስነስቼ ወርጄ ጥጉ ጋ ሄጄ አያለሁ። ነጻ ነው። ሮጬ ተመልሼ እገባለሁ፣ ማርሽ አስገባለሁ፤ በዚያች መሀል ግን ከላይ አንድ ሞተረኛ ዕቃ ጭኖ እንደ ጥይት ይመጣል። ጉልበቴ ደግሞ ሩጫውን አልቻለም። አንድ ቀን ሞተረኛው የኋላ መብራቴን ገጨና እሱም ተንሸራተተ። ሰው አልተጎዳም። ምሕረት ስትሰማ አለቀሰች። «አባዬ፣ ከእንግዲህ ማን ያስወጣሃል? ቤቱን እናከራየውና እኔ ጋ ና» አለችኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሰው ልብስ ሲሰጣ ሳይ ታየኝ። እናቶቹም በግሩፑ ላይ መጠያየቅ ጀመሩ፤ በጨዋ ደንብ፣ ግን ጀመሩ።

አንድ ቀን የጡረታ ጉዳይ ይዤ ሃያ ሁለት አካባቢ ሄድኩ። አንድ ፎቅ ምድር ቤቱ ውስጥ መኪና ያቆማሉ። መውጫው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል ክብ፣ ሆዱ የተነፋ መስታወት ተሰቅሏል። ቆሜ አየሁት። ከውጭ መንገድ ላይ የሚያልፈው ታክሲ ሁሉ እዚያ ውስጥ ትንንሽ ሆኖ ይታያል። ጥበቃው ሲያየኝ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ባይኖር እኮ ቀኑን ሙሉ እዚህ ተገትሬ የማስወጣው እኔ ነበርኩ» አለኝ። ጽጊዬ፣ እዚያው እንባዬ መጣ። ልጁ ደነገጠ፤ ምን አጠፋሁ ብሎ ወንበር አመጣልኝ። ምክንያቱን ስነግረው የሚሸጥበትን ቦታ ጻፈልኝና «ግን እንዳይሸወዱ» አለኝ። «በዚህ ውስጥ መኪናው ራቅ ያለ ይመስላል። ቅርብ ነው።»

ገዛሁት። ገርጂ ማዞሪያው ጋ ያለው በያጅ ቋሚ ብረት ሠራልኝ። የት እንደምተክለው አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። አንቺ የምትቆሚበት ቦታ ላይ ተከልኩት። ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ፈንቅዬ ወደ አጥሩ አስጠጋኋትና በእሷ ቦታ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ሲሚንቶ ሞልቼ አቆምኩት። ቁመቱንም ባንቺ ቁመት አደረግኩት። በያጁ መጥቶ ሲያየው «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ አላለም?» አለኝ። ዝቅ አላለም አልኩት። ምን ብዬ ልንገረው?

ሰፈሩ ጉድ አለ። ግማሹ ካሜራ ነው ብሎ ከዚያ ጥግ ቁጭ ብሎ መዋሉን ተወ። ከታች ሰፈር ያለው የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሽ ታዴ! ፀጉር ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ? የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ!» እያለ ያልፋል። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ልጃገረዶች ፊቱ ቆመው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ መስታወቱ ሆዱ ስለተነፋ አፍንጫቸውን ያተልቅባቸውና ይንከተከታሉ። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ስወጣ እንደምን አደርሽ እለው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ግን ልናገር።

ታዲያ አንድ ነገር አላስተዋልኩም። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዝኩ ሰው ነኝ፣ አላስተዋልኩም። አንቺ እዚያ ቆመሽ ወደ ላይ አይተሽ፣ ዞረሽ ትነግሪኝ ነበር። መስታወት ዞሮ አይናገርም። ፊቱ ያለውን ነው የሚያሳየው። ከእኛ በኩል፣ ከራሳችን አጥር ሥር ስለተተከለ፣ ምንም ያህል ባዞረው የሚያሳየኝ ወደ ታች ያለውን መንገድ ነው፣ ሰው እንጂ መኪና ብዙም የማይመጣበትን። ዳገቱን፣ ሞት የሚመጣበትን በኩል፣ ፈጽሞ አያሳይም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ባዶ ኮብልስቶን አያለሁ፤ ነጻ ነው እላለሁ፤ እወጣለሁ። አራት ወር እንደዚያ ወጣሁ። ወርጄ ማየቱንም ተውኩት፤ ጽጌ አለች ብዬ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እንዲሁ አየሁ፣ ነጻ ነው አልኩ፣ ወደ ኋላ ለቀቅኳት። የኋላ ጎማዎቹ ኮብልስቶኑን እንደነኩ የመኪናዋ ጎን ተመታ። አንድ ጊዜ። ጧ!

እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። እኔ አላዘዝኩትም። ሞተሩ ጠፋ። በዚያች ቅጽበት ከኋላዬ አንድ አይሱዙ አሸዋ ተሸክሞ፣ ጡሩንባውን እየነፋ፣ ከኋላ መከላከያዬ አንድ ክንድ ርቆ አለፈ። ልቤ ግን አይሱዙው ላይ አልነበረም። ልቤ የሰማው ያንቺን እጅ ነው። «ጽጌ!» ብዬ ተጣራሁ፣ ጮክ ብዬ። እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቹ ገና አልተጫኑም፤ የመጀመሪያዋን የምጭነው ከአደባባዩ ወዲያ ነው።

ስወርድ ከመኪናዋ ጎን የቆሙት ሐጂ ናቸው። ከጠዋት ሶላት እየተመለሱ ኖሯል። እጃቸው አሁንም መኪናዋ ላይ ነው። ቆባቸው መሬት ወድቋል። መንገዱን ተሻግረው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ነው የመጡት። አጎንብሼ ቆቡን አነሳሁና አቧራውን አራግፌ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ታደሰ፣ መስታወትህ ቦታው አይደለም» አሉኝ። «እኔ ግንብ ላይ ነው መሰቀል ያለበት። አራት ወር ሙሉ ከማዶ ሳየው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ማን አናግሮኝ!» አሉ።

ሳቅኩ መሰለኝ፤ ወይም አለቀስኩ። ከዚያ «አንድ ጊዜ መምታቱን እንዴት አወቁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆባቸውን አድርገው ወደ ድንጋይሽ አዩ። «ስድስት ዓመት እኮ በራፌ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋት» አሉ። «አንድ ከመታች ትቆማለህ፣ ሁለት ከመታች ትሄዳለህ። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እሷን ያስወጣናትም በዚያው ነው።»

አልገባኝም ነበር። ከዚያ ገባኝ። ያንን ቀን፣ የቀብርሽን ቀን፣ የአስከሬኑ መኪና ከግቢ በኋላ ማርሽ ሲወጣ እኔ ከውስጥ ሳጥንሽ አጠገብ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲደረግ ሰማሁ። ሂድ በሰላም። ሐዘን ያሰማኝ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር በልቤ ያዝኩት፤ ዓመት ከምናምን ያንን ድምፅ ይዤ ኖርኩ። ለካ ሐጂ ነበሩ። አንቺ በምትቆሚበት ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ ከላይ የሚመጣውን መኪና አስቁመው፣ ያስወጡሽ እሳቸው ነበሩ። ድንኳን ውስጥም ሦስት ቀን ተቀምጠዋል። አይቻቸው ነበር፤ ዓይኔን አዞርኩ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ እዚያው እግራቸው ላይ ብወድቅ ጥሩ ነበር። አልወደቅኩም። «አመሰግናለሁ» ብዬ ልጆቹ ይጠብቁኛል አልኩና ሄድኩ። አየሽ፣ ኩራት ሲሞትም ቶሎ አይቀበርም። ሦስት ቀን ተብሰለሰልኩ። በአራተኛው የእድራችንን ዳኛና አንድ ሌላ ሽማግሌ ይዤ፣ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ መንገዱን ተሻግሬ በራቸውን አንኳኳሁ። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ዘምዘም ከፈተችና አፏን ይዛ ቀረች። ሐጂ ከውስጥ ብቅ ብለው ሦስታችንን ከላይ እስከ ታች አዩንና «ለመስታወት ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ አየሁ» አሉ። «ልታገባው ነው እንዴ?» ዳኛው እንኳ፣ ያ ፊቱ የማይፈታው ሰው፣ ሳቀ። ዘምዘም ዳቦ ቆረሰችልን። አንቺና እሷ ከኔ ተደብቃችሁ ስንት ዓመት ስትገባበዙ እንደኖራችሁ ያኔ ነው ያወቅኩት፤ የዳቦው ጣዕም የኛ ቤት ነበር። «ከጽጌ ነው የተማርኩት» አለችኝ።

ይቅርታ ስጠይቅ አላሳጠርኩም። «አንተ» ማለቴን፣ ሌባ ማለቴን፣ በሠራተኞቻቸው ፊት መሆኑን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐጂ ሰሙኝና «እኔም አንድ እርምጃ ገፍቻለሁ፣ ያልሆነ ነገር አልተናገርክም» አሉ። «የተናገርክበት አኳኋን ግን ካንዱ እርምጃ ይበልጥ ነበር። አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ቅዳሜ መስታወቱን ነቅለን ማዶ ወሰድነው። በያጁ ከሐጂ ግንብ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። እኔ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ፣ በኋላ መስኮት እያየሁ፣ «ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» እላለሁ። ሐጂ ከታች ሆነው በያጁን ያዛሉ። ሲስተካከል «ይበቃል» አልኩ። ከዚያ አየሁት።

ጽጊዬ፣ መስታወቱ ውስጥ የታየኝ ምን መሰለሽ? ቆርቆሮ። ዳገቱ ከአንድ ጥግ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል፤ የቀረው የኔው ቆርቆሮ ነው። የራሴ አጥር ጥግ፣ ከፍ ያደረግኩት፣ የሐጂን በር ላለማየት የቀጠልኩት። መንገዱን ከእኔ የጋረደው የእሳቸው ግንብ አልነበረም። ከማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሌም ግልጽ ነበር። ሐጂ ሰባት ዓመት ከማዶ ሆነው ያዩት ነው። ውሃ ልጠጣ ብለው ገቡ።

መሪውን እንደያዝኩ ያንቺ ድምፅ መጣብኝ። ቆርቆሮው በተመታ በሳምንቱ «ታዴ፣ ይሄን ጥጉን ብናነሳው አይሻልም?» ብለሽኝ ነበር። በሌላ ጊዜም ደግመሽ አልሽኝ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሐጂ ግንብ ነው የመለስኩልሽ። ሦስተኛ አልጠየቅሽኝም። ነጠላሽን አጣፍተሽ ወጥተሽ ድንጋዩ ላይ ቆምሽ። ስድስት ዓመት። ኩላሊትሽ ከታመመም በኋላ፣ እግርሽ እያበጠ፣ ጫማሽ እምቢ ብሎሽ በነጠላ ጫማ። እኔ ደግሞ ለሰው «ጽጌ ታስወጣኛለች» እያልኩ እኮራ ነበር። አንቺን እዚያ ያቆመሽ መንገዱ ሳይሆን የኔ እልህ ኖሯል። ይህንን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ላንቺ መናገሩ ግን የበለጠ ከበደኝ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤው እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ የተቀደደው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ቆርቆሮውን አነሳሁት። ምሕረት መዶሻ ይዛ አገዘችኝ። ግንቡንም ጥጉ ላይ እስከ ወገብ ዝቅ አደረግነው። ስንጨርስ ምሕረትን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ኋላ ወጣሁ። መስታወቱ ውስጥ ዳገቱ ሙሉውን እስከ አስፋልቱ ታየ፤ የሚወርደው ሞተረኛ፣ ፌስታል የያዘችው ሴትዮ፣ ሁሉም። ምሕረት ቆጠረች፣ አየች፣ አስደገመችኝ፤ ሦስት ጊዜ አስወጥታ አስገባችኝ። ያንቺ ልጅ ናት። በመጨረሻ «እሺ፣ እስከ ክረምት እናያለን» አለች። አራብሳውን ለጊዜው አላነሳችውም።

መስታወቱን ሐጂ በየሳምንቱ አርብ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል። «የኔ ግንብ ላይ ነው፣ የኔ ነው» እያሉ ያበሽቁኛል። እኔም ወደ መስጊድ ሲሄዱ በዚያው መንገዴ ከሆነ አደርሳቸዋለሁ። ጋቢና ተቀምጠው አነዳዴን ይተቻሉ። ምን ላድርግ፣ ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንደነበረ መልሻለሁ። በያጁ ቋሚ ብረቱን ከነቀለ በኋላ ጉድጓዱን ደፍኜ ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ቦታዋ ላይ አስቀመጥኳት። ማንም አይቆምባትም፣ ማንም እንዲቆምባትም አያስፈልግም። ግን መስታወቱ ውስጥ ትታያለች፣ ከጥጉ ሥር፣ ትንሽ ሆና። ጠዋት ሞተር አስነስቼ፣ አማትቤ፣ መጀመሪያ እሷን አያለሁ፣ ከዚያ መንገዱን። ነጻ መሆኑን ሳረጋግጥ በመስኮት እጄን አወጣና የመኪናዋን በር ከውጭ በመዳፌ ሁለት ጊዜ እመታለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ልጆቹን ጭኜ ስነሳም እመታለሁ፤ የኋላ ወንበር መንታዎች «ጋሽ ታዴ፣ ለምንድነው መኪናዋን የሚመቷት?» ይሉኛል። አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ።

ጽጊዬ፣ ነፍስሽን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ። ቃልሽን ዘግይቼ ፈጽሜዋለሁ። ሳላመሰግንሽ የወጣሁባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው፤ መመለስ አልችልም። መሪ መያዝ እስከቻልኩ ድረስ ግን ያለ ሁለቱ ምት ከዚያ በር አልወጣም። መሪውን የተውኩ ዕለት ደግሞ ማዶ ከሐጂ ጎን በራፉ ላይ እቀመጣለሁ፤ የሚወጣ መኪና ሲኖር ተነስቼ ድንጋይሽ ላይ እቆማለሁ።

ያንቺው
ታዴ
ገርጂ